ምዕራፍ አምስት፦ ሪአክተሩ ከመነካቱ በፊት

“ቲን ካን” በተባለው ጌም ተጫዋቹ የሚገኘው ከትልቅ መርከብ ባመለጠበት ጠባብ ካፕሱል ውስጥ ነው። ካፕሱሏ የጦር መሣሪያ የላትም፤ የምትሄድበት ቦታም የላትም። ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ነፍስ አድን ቡድን እስኪደርስ በሕይወት መቆየት። ኦክስጅኑም፣ ሙቀቱም፣ የአየር ግፊቱም፣ ኤሌክትሪኩም የሚገኙት ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ ደግሞ ተራ በተራ ይበላሻሉ።

ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። በካፕሱሏ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ ነው። ተጫዋቹ አየር አጣሪውን ማሽን ሲከፍት በየቦታቸው የተሰኩ ዕቃዎችን ያያል፤ ከእነሱ አንዱ አገልግሎቱን ጨርሷል። መለዋወጫ ቢፈልግ የለም። ነገር ግን ያው ዓይነት ዕቃ ሙቀት በሚቆጣጠረው ማሽን ውስጥ እየሠራ ነው። ከዚያ ነቅሎ እዚህ ቢሰካው መተንፈስ ይችላል፤ ብርዱ ግን ወዲያው ይጀምራል። ሌላ ማሽን ቢያራቁት ሌላ ጣጣ ይከተለዋል። ጥገናው ራሱ፣ ማለትም ዕቃውን ነቅሎ መሰካቱ፣ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይፈጅም። ደቂቃዎቹን የሚበላው ውሳኔው ነው።

የጠፈር መርከብ መካኒክነትን የሚያጫውቱ ጌሞች ጥሩ የሆኑበት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። እጅን የሚያደክም ሥራ በስክሪን ላይ ማሳየት አይቻልም፤ ብሎን መፍታት በጌም ውስጥ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች ክብደቱን የሚያኖሩት ከእጅ በፊት በሚመጣው ሥራ ላይ ነው፦ የተበላሸው በእርግጥ የትኛው ነው? ቀድሞ መነካት ያለበትስ የትኛው ነው? በእውነተኛው ጠፈር የተካሄዱት ትልልቅ ጥገናዎች ታሪክም ሲገላበጥ እነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ይወጣሉ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥገና ወደ ጠፈር ጌሞች የገባው ቀስ በቀስ ነው። በ2012 ጀስቲን ማ እና ማቲው ዴቪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች “ኤፍቲኤል”ን አወጡ። ለሥራው ከሕዝብ የጠየቁት 10,000 ዶላር ነበር፤ የተዋጣላቸው ከ200,000 በላይ ሆነ። በዚያ ጌም የመርከቡ ክፍል ሲመታ ተጫዋቹ ከባልደረቦቹ አንዱን ይልካል፤ ሰውየው ቆሞ ይጠግናል። ጥያቄው ማንን ልላክ እንጂ እንዴት ልጠግን አይደለም። ኦክስጅን የሚሰጠው ክፍል ከተመታ እና ጋሻው ከወደቀ፣ ያለው አንድ ነጻ ሰው ደግሞ ከቆሰለ፣ ያን ጊዜ ጥገና የሞት የሽረት ምርጫ ይሆናል።

በ2018 የወጣው “አማንግ አስ” ደግሞ ጥገናን በጣም ቀላል አደረገው። አራት ባለቀለም ሽቦዎች በግራ፣ አራት በቀኝ ይቀርባሉ፤ ቀይን ከቀይ፣ ቢጫን ከቢጫ ማገናኘት ነው። ሕፃን ልጅ ይሠራዋል። ነገር ግን ሽቦዎቹ የሚታዩበት መስኮት አብዛኛውን ስክሪን ይሸፍነዋል። ተጫዋቹ ሽቦ ሲያገናኝ ከጀርባው የሚመጣውን ገዳይ አያይም። ይህ ብልህ ሐሳብ ነው፤ መካኒክ በሥራው ላይ ሲያተኩር ለሌላው አደጋ ዕውር ይሆናል፤ ይህን የጋራዥ ሠራተኛም፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ያውቀዋል።

“አውተር ዋይልድስ” በ2019 ሲመጣ ጥገናው አሁንም ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ ነበር፤ ግን ዓለሙ በየ22 ደቂቃው እየጠፋ እንደገና ስለሚጀምር፣ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ለመጠገን የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰከንድ ከምርምሩ ላይ የሚቀነስ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ማሽኑ ተዘግቶ ይቀራል። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያሳየ ጌም ሲመጣ ነው ተጫዋቹ መካኒክ የሆነው።

ክዳኑ ሲከፈት የሚመጣው የመጀመሪያው ችግር፣ ጩኸቱና ብልሽቱ ተለያይተው መገኘታቸው ነው። ማስጠንቀቂያው “አየሩ ተበላሽቷል” ይላል። አየሩ የተበላሸው ግን ማጣሪያው ስላረጀ ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ደህና ሆኖ ኤሌክትሪክ ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩም ያልደረሰው ጄኔሬተሩ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። በቲን ካን ቶሎ የሚሞተው ተጫዋች በጮኸው ማሽን ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ነው። ደህና ማጣሪያ አውጥቶ በሌላ ደህና ማጣሪያ ይለውጣል፤ መለዋወጫውን ያባክናል፤ ጄኔሬተሩ ግን ከጀርባው መድከሙን ቀጥሏል።

ለዚህ ከሶቪየቶቹ የሳልዩት-7 ታሪክ የተሻለ ትምህርት የለም። በ1985 መጀመሪያ፣ ማንም ሰው ሳይኖርበት በምሕዋሩ ላይ የነበረው ይህ ጣቢያ ድምፁ ጠፋ። ለምድር መልስ አይሰጥም፤ ትእዛዝ አይቀበልም። በጁን 1985 ቭላዲሚር ዣኒቤኮቭ እና ቪክቶር ሳቪኒክ በሶዩዝ ቲ-13 ተሳፍረው ሄዱ። ጣቢያው መልስ ስለማይሰጥ በራሱ የሚሠራው የመገናኛ ሥርዓት አልረዳቸውም፤ ርቀቱን በእጅ በሚያዝ ሌዘር እየለኩ፣ መንኮራኩሯን በእጅ እየመሩ ተጣበቁት። ሲገቡ ብርሃን የለም፣ ድምፅ የለም፤ ግድግዳው አመዳይ ለብሷል፣ ውሃው በረዶ ሆኗል። ማራገቢያ ስለማይሠራና ክብደት በሌለበት ቦታ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለማይወጣ፣ ራሳቸው የተነፈሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊታቸው አይርቅም ነበር። በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ መቆየት እንኳ አደጋ ነበር።

የታየው ችግር ግልጽ ነበር፤ ባትሪዎቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። ከስምንቱ ስድስቱ ሊድኑ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ሰዎች በቅዝቃዜው ውስጥ ሽቦ እየላጡ፣ ባትሪዎቹን መሐል ያለውን ሥርዓት አልፈው በቀጥታ ከፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ ጋር አገናኙ። ከዚያ በሶዩዝ ሞተሮች ጣቢያውን ሙሉ በሙሉ አዙረው ሰሌዳዎቹን ለፀሐይ ሰጡ። ባትሪዎቹ ሞሉ፤ መብራት መጣ።

ሰዎቹ ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ባትሪዎቹ ለምን ባዶ ሆኑ? መልሱ አንድ ሴንሰር ሆነ። ሥራው ባትሪው ሲሞላ ለሥርዓቱ መናገርና መሙላቱን ማስቆም ነበር። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ባትሪው ባዶ ሆኖ ሳለ “ሞልቷል” እያለ ይናገር ነበር፤ ሥርዓቱም እያመነው መሙላቱን ያቆማል። አዲስ ባትሪ ገዝቶ በወሩ ደግሞ የሞተበት ባለመኪና ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጥፋቱ የዲናሞው ሆኖ ባትሪ ሲለውጥ ይኖራል። ሃያ ቶን የሚጠጋ ጣቢያ የገደለችው በመዳፍ የምትያዝ ዕቃ ናት።

ቲን ካን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ አንድ ትልቅ ነገር ግን ለተጫዋቹ አቅልሎለታል። በካፕሱሏ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ብዙ ዕቃ ይጋራሉ፤ ከአንዱ የተነቀለ በሌላው ይገባል። በእውነተኛው ዓለም ይህ እንደ ልብ አይገኝም። በኤፕሪል 1970 ወደ ጨረቃ ይጓዝ በነበረው አፖሎ 13 ላይ የኦክስጅን ታንክ ሲፈነዳ ሦስቱ ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ማረፊያዋ መንኮራኩር ተዛወሩ። እሷ የተሠራችው ለሁለት ሰዎች፣ ለሁለት ቀን ያህል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጠፋው የሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ማጣሪያዋ አልበቃ አለ። በዋናው መንኮራኩር ውስጥ ብዙ ማጣሪያ ተቀምጧል፤ ግን የዚያኛው አራት ማዕዘን ነው፣ የዚህኛው መቀበያ ክብ። ሁለቱን መንኮራኩሮች የሠሩት የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው እንዲበደር ማንም አላሰበም። የምድር መሐንዲሶች በላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በጠፈር ልብስ ቱቦና በፕላስተር መገጣጠሚያ ፈልስፈው አሠራሩን በድምፅ ብቻ አነበቡላቸው፤ ጠፈርተኞቹ ሠሩት፤ አየሩም ተጣራ።

ቲን ካንን የሚጫወት ሰው ከሙቀት መቆጣጠሪያው ነቅሎ አየር ማጣሪያው ላይ ሲሰካ፣ አፖሎ 13 ያልነበረውን ስጦታ እየተጠቀመ ነው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ምርጫው ከባድ ነው ብሎ አያማርርም።

ሁለተኛው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው፤ እሱን ከሁሉ አጥብቆ የሚያስተምረው “ሃርድስፔስ፦ ሺፕብሬከር” ነው። ጌሙን የሠራው በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው ብላክበርድ ኢንተርአክቲቭ ነው፤ በ2020 ለሙከራ ቀርቦ በ2022 ተጠናቀቀ። ተጫዋቹ ሊንክስ ለተባለ ግዙፍ ኩባንያ ይሠራል፤ ሥራውን ሲጀምር ራሱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዕዳ ተሸክሟል። በምድር ምሕዋር ላይ ባለ ግቢ ውስጥ ያረጁ መርከቦችን ይፈታል። እርግጥ ይህ ማፍረስ እንጂ መጠገን አይደለም ሊባል ይችላል። ቢሆንም ሞተር አውርዶ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የጥገና ግማሹ ሳይሰብሩ መፍታት ነው። የተፈታው ዕቃ ደህና ሆኖ ካልወጣ ደግሞ በሃርድስፔስ ክፍያ የለም።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስፈራው ሪአክተሩን ማውጣት ነው። ሪአክተሩ በመርከቡ የኋላ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ከማቀፊያው እስካልተነቀለ ድረስ ረጋ ብሎ ይኖራል። በተነቀለባት ቅጽበት ግን ቆጠራ ይጀምራል፤ በጊዜው ከግቢው ሥር ወዳለው ጀልባ መሰል መቀበያ ካልደረሰ ይፈነዳል፤ መርከቡም፣ ተጫዋቹም፣ የቀኑ ገቢም አብረው ይሄዳሉ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሪአክተሩን ዒላማ አድርጎ በቀጥታ ወደ እሱ ስለሚሄድ ነው። መርከቡ ውስጥ አየር እንዳለ ይረሳል። ተጫዋቹ በሌዘር መቁረጫው ግድግዳውን ሲበሳ ያ አየር በአንድ ጊዜ ይወጣል። የጌሙ ፈጣሪዎች ይህን ያጋነኑት ሊመስል ይችላል፤ ግን በምድር ገጽ ላይ ያለው የአየር ግፊት በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ አሥር ቶን ያህል ይገፋል። በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ባዶ ሲሆን ያ ኃይል የሚመልሰው አጥቶ ይለቀቃል። ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የብርጭቆው ስብርባሪ፣ መካኒኩም ሳይቀር ይወረወራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በአየር መግቢያው ክፍል በኩል በሥርዓት ገብቶ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን አግኝቶ አየሩን ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው።

ቀጥሎ ነዳጁ ይመጣል። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ ነዳጅ ካለ የሌዘሩ ጫፍ ሲነካው ይቀጣጠላል። ቱቦው መጀመሪያ በቫልቩ ባዶ መደረግ አለበት። ቫልቩን መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከአንዱ ክፍል ወደሌላው እየዞሩ፣ የቱቦውን መስመር በዓይን እየተከተሉ፣ ከኦክስጅን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እየሰረቁ ማየት። መደበኛው የሥራ ፈረቃ 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ልምድ ያለው ተጫዋች ከዚህ በኋላም ሪአክተሩን አይነካም። ይልቅ መውጫውን ያዘጋጃል። በሪአክተሩና በመቀበያው መካከል ያለውን ግድግዳ ቆርጦ ያነሳል፤ መንገድ ላይ የሚንሳፈፈውን ብረት ጠርጎ ያስወግዳል፤ ከመቀበያው ጋር የሚያገናኘውን መጎተቻ ገመድ የት እንደሚያስር አስቀድሞ ያያል። ሁሉም ሲያልቅ ማቀፊያውን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እጅግ አጭር ነው፤ ገመዱ ይጎትታል፣ ሪአክተሩ በተከፈተለት ቀዳዳ ተንሸራትቶ ይወጣል፣ መቀበያው ይውጠዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰ የሚለቅመው አያገኝም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጌሞቹ የተካኑበት ነው። ያልደረሱበትም አለ፤ እሱን ለማየት ወደ ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ መሄድ ያስፈልጋል።

ስቲስ ተብሎ የሚጠራው የሐብል መሣሪያ የከዋክብትን ብርሃን በታትኖ የሚያነብ ነው። በ1997 ተገጥሞ በ2004 የኤሌክትሪክ አቅራቢው ካርድ ተቃጠለ። መሣሪያው ሲሠራ በምሕዋር ላይ እንዲከፈት አልታሰበም፤ ቢበላሽ ሙሉ ሳጥኑ ወጥቶ ሌላ እንዲገባ ነበር ዕቅዱ። ስለዚህ ክዳኑ በ111 ጥቃቅን ብሎኖች ታስሯል። ክብደት በሌለበት ቦታ አንዷ ብሎን ብታመልጥ ወደ ቴሌስኮፑ ሆድ ገብታ ሌላ ጥፋት ታደርሳለች። በዚያ ላይ ሥራው የሚሠራው በጠፈር ልብስ ጓንት ነው። የልብሱ ውስጥ ግፊት የምድር አየር ሢሶ ያህል ስለሆነ፣ ጣት በታጠፈ ቁጥር ከተነፋ ጓንት ጋር እየታገለ ነው።

መሐንዲሶቹ ለ111ዱ ብሎኖች መፍትሔ አዘጋጁ። ለእያንዳንዷ ብሎን ትክክል ቀዳዳ ያለው፣ የብሎን መፍቻው ጫፍ የሚገባበት ግን ብሎኗ የማትወጣበት ግልጽ ሰሌዳ ሠሩ። ሰሌዳው ክዳኑ ላይ ይታሰራል፤ የተፈቱት ብሎኖች ከሥሩ ታግተው ይቀራሉ። ለዚሁ ሥራ የምትሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍቻም ተሠራች። ጠፈርተኞቹ ማይክ ማሲሚኖ እና ማይክ ጉድ በውሃ ገንዳ ውስጥ ደጋግመው ተለማመዱ።

ሜይ 17 ቀን 2009 ሥራው ተጀመረ። ሰሌዳው ከመታሰሩ በፊት አንድ ቀላል ነገር መነሳት ነበረበት፤ በመሣሪያው ላይ ያለ የእጅ መደገፊያ፣ በአራት ብሎን የታሰረ። ሦስቱ ወጡ። የአራተኛው ራስ ተበላ። መፍቻው ይሽከረከራል፣ ብሎኑ ከቦታው አይነቃነቅም። በዓመታት ልምምድ ማንም ያልፈራው መደገፊያ 111ዱን የሚያህል ሥራ ዘጋ።

በሜሪላንድ በሚገኘው የጎዳርድ ማዕከል መሐንዲሶች በአስቸኳይ አምሳያውን አውጥተው ጎተቱት፤ በምን ያህል ኃይል እንደሚሰበር ለኩ። ከዚያ መልሱ ወደ ላይ ተላከ፦ በፕላስተር ጠቅልለው፣ ስብርባሪ እንዳይበተን፣ ከዚያም በእጅ ገንጥለው። ማሲሚኖ ገነጠለው። ሥራው ወደ 111ዱ ብሎኖች ሲሻገር ደግሞ የመፍቻዋ ባትሪ ደከመ፤ ሌላ ለማምጣት ወደ አየር መግቢያው ክፍል መመለስ ግድ ሆነ። በመጨረሻ ብሎኖቹ ወጡ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ የተቃጠለው ካርድ ተስቦ አዲሱ ገባ። በምትኩ የተገጠመው አዲስ ክዳን በሁለት ማንሻ ብቻ የሚዘጋ ነው። ጠፈርተኞቹ ውጭ የቆዩት 8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። ስቲስም እንደገና ሥራ ጀመረ።

ሌላም አለ። በኦገስት መጨረሻ 2012 ሱኒታ ዊሊያምስ እና አኪሂኮ ሆሺዴ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ለመግጠም ከ8 ሰዓት በላይ ታግለው ብሎኑ አልገባ አላቸው። ጥርሱ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቷል። ከቀናት በኋላ ከጥርስ ብሩሽ የተሠራ መጥረጊያ ይዘው ወጡ፤ ጠረጉት፤ ብሎኑ ገባ።

እነዚህን የመሰለ ነገር በጌሞቹ ውስጥ የለም። በቲን ካን ዕቃው ሁልጊዜ በንጽሕና ይነቀላል፤ በሃርድስፔስ ማቀፊያው ሁልጊዜ ይለቃል። የጌም ሠሪዎች ምክንያት አላቸው፤ ያለ ምክንያት ራሱ የተበላ ብሎን ተጫዋቹን ያናድዳል እንጂ አያስተምርም ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ትክክል አይመስልም። ማሲሚኖን የገጠመው ዕድል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጋራዥ በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው። ዕቃ መስበር ትክክለኛው ጥገና የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የሚያስተምር ጌም ቢመጣ ይህን ዘርፍ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

ጌሞቹ በደንብ የያዙት ሌላ ነገር መመሪያ ማንበብን ነው። በ2024 የወጣው “አንክል ቾፕስ ሮኬት ሾፕ” ጭንቅላቱ የቀበሮ የሆነ ዊልበር የተባለ መካኒክ የኪራይ ዕዳ ተጭኖት ደንበኞች ያመጧቸውን መንኮራኩሮች የሚጠግንበት ነው። ተጫዋቹን ማንም እጁን ይዞ አያስተምረውም፤ ወፍራም መጽሐፍ ይሰጠዋል። ብልሽቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ አይቶ ገጹን ማግኘት፣ ደረጃውን ማንበብ፣ ወደ ማሽኑ ተመልሶ መሥራት የራሱ ጉዳይ ነው። ከሰዓት ጋር የሚሯሯጡበትም፣ ሰዓት ሳያሳድዳቸው የተወሰኑ ሥራዎችን ብቻ የሚሠሩበትም አጨዋወት አለው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል። በመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ገጽ ሲገለብጥ ጊዜው ያልቅበትና፣ ካነበበው ግማሹን ብቻ ይዞ ወደ ማሽኑ ይሮጣል። የጥገና ጥፋት አብዛኛው የሚፈጠረው እዚያ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ “በመጀመሪያ ኃይሉን አጥፋ” የሚል ሳይነበብ ሲታለፍ።

እውነተኛ ጠፈርተኛም በቃሉ አይሠራም። ከመንኮራኩሩ ውጭ ሲሠራ የእጁ አንጓ ላይ የታሰረ ትንሽ የመመሪያ ደብተር አለው፤ ከውስጥ ደግሞ አንድ ባልደረባው ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ያነብለታል። ከዚያም በፊት በሂዩስተን ባለው 62 ሜትር ርዝመት፣ 31 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት ባለው ገንዳ ውስጥ የጣቢያው አምሳያ ላይ ሰዓታት አሳልፏል፤ በኮምፒውተር በተፈጠረ ዓለምም ውስጥ መነጽር አድርጎ ተለማምዷል። እውነተኛው የጠፈር መካኒክም ከሥራው በፊት የሚጫወተው ጌም አለው ማለት ነው።

እንግዲህ አስቸጋሪ ጥገና ገጥሞት የተጣበቀ ተጫዋች ምን ያድርግ? ማሽን ከመክፈቱ በፊት ጠቋሚዎቹን ሁሉ ይይ፤ የጮኸውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያሉትንም። ሁለት ነገር አብረው እየወረዱ ከሆነ ምክንያቱ ሁለቱንም የሚመግበው ሊሆን ይችላል። ለጊዜው የማያስፈልገውን መሣሪያ ያጥፋ፤ ጄኔሬተሩ ይረፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይለውጥና ለውጥ መጣ አልመጣ ይመልከት፤ ሦስት ዕቃ አንድ ላይ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንደነበር አያውቅም፤ ሁለት ደህና ዕቃም አባክኗል። ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ጋር አይቀላቅል። ተበድሮ የሰካውን ዕቃ ከየት እንደወሰደ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብርዱ ሲበረታ ያ ማስታወሻ ያስፈልገዋል።

ከሦስቱ ጌሞች የትኛው ይቅደም ለሚል መልሱ፣ ማፍረሱን በሃርድስፔስ፣ ማንበቡን በአንክል ቾፕስ፣ መምረጡን በቲን ካን መማር ነው። ጥገናን ከሁሉም በላይ በእውነተኛ መልኩ ያሳየው ግን ቲን ካን ነው፤ በእሱ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እነዚህን ጌሞች ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ብቻውን አይጀምር። ወንድሙን፣ እህቱን ወይም ጓደኛውን አጠገቡ ያስቀምጥ፤ አንዱ መመሪያውን ጮክ ብሎ መስመር በመስመር ያንብብ፣ ሌላው የሰማውን ደግሞ ይናገርና ከዚያ ይንካ። ያልተነበበ መስመር ከቀረ አንባቢው “ቆይ” ይበል። ከጣቢያው ውጭ ብሎን የሚፈቱትም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።